ከመደርደሪያው የወጣው ካርድ

ጥቅምት 2

ለምወድዎትና ለማከብርዎት አክስቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ እንዴት ነው? ጆሮዎስ? እኔና ባለቤቴ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የሚያስቸግረን ናፍቆትዎ ብቻ ነው። በስልክ እየጮህኩ ጎረቤቱን ሁሉ ከምሰበስብብዎ እንደ ልማዳችን በወረቀት መጣሁ። ደግሞም ይሄን ወሬ ማንም ከእርስዎ ቀድሞ እንዲሰማው አልፈለግኩም።

እትዬ፣ አርግዣለሁ! አሥራ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል። እንግዲህ እልል ይበሉ። እርስዎ እልል ሲሉ ለራስዎ በደንብ ስለማይሰማዎት ጠንከር አድርገው እንደሚሉት አውቃለሁ።

ባለፈው ሳምንት እዚህ በሰው አገር ክሊኒክ የእርግዝና ክትትል ጀመርኩ። አዋላጇ ደግ ሴት ናት፤ እጇ ቀዝቃዛ ስለሆነ ሆዴን ከመንካቷ በፊት በትንፋሿ እፍ እፍ እያለች ታሞቀዋለች። ክብደቴን ለካች፣ ሽንትና ደም ወሰደች፤ ከዚያ ቅጽ ሰጠችኝ። ቅጹ «ዘርሽ ከየት ነው?» ይላል፤ ከሥሩ ትናንሽ ሣጥኖች ተደርድረዋል። የኔ የሚመስለውን ፈልጌ ምልክት አደረግኩ። አዋላጇ አየችውና «ከእናንተ ወገን በሆኑ ሴቶች ላይ የእርግዝና ደም ግፊት ይበዛል። አንቺ ደግሞ የመጀመሪያ ልጅሽ ነው። ስለዚህ በየቀኑ አንዲት ትንሽ አስፕሪን እንድትወስጂ እንመክርሻለን፤ በየሁለት ሳምንቱም ትመጫለሽ» አለችኝ።

እውነቱን ልንገርዎትና ከፋኝ። አብራኝ መጋረጃ የምትሰፋ ጓደኛ አለችኝ፤ እሷም ነፍሰ ጡር ናት፣ በአንድ ሳምንት ትቀድመኛለች። የሞላችው ሣጥን ሌላ ነው። እሷን «በወር አንዴ ነይ» ብለው ሸኝተዋታል፤ ኪኒን የሚባል ነገርም አላነሡባት። አንድ ጠረጴዛ ላይ ነው የምንሰፋው፣ አንድ ዓይነት ምሳ ነው የምንበላው። ደሜ ላይ ምን አይተው ነው? ግፊቴ እንኳ ሲለካ 112 በ70 ነበር፤ አዋላጇ ራሷ «በጣም ጥሩ» ብላለች።

ቅጹ ላይ አንድ ሌላ ጥያቄም ነበር፦ «እናትሽ ወይም እህትሽ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት ነበረባቸው?» እህት የለኝም። እናቴም የአራት ዓመት ልጅ እያለሁ ብርድ መትቷት በድንገት እንደሞተች ነው የማውቀው። ስለዚህ «የለም» ብዬ ጻፍኩ። ልክ ነኝ አይደል? እርስዎ ሠላሳ ዓመት ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል የሠሩ ሰው ስለሆኑ ከማንም ይበልጥ ያውቃሉ። ኪኒኑን አልጀመርኩም፤ የእርስዎን ቃል እየጠበቅኩ ነው።

ከዚህ የሚያስፈልግዎት ነገር ካለ ሳይሳቀቁ ይጻፉልኝ። ባለቤቴ ጉልበትዎን ይስማል።

ልጅዎ


ጥቅምት 13

ለዓይኔ ማረፊያ፣ ለሚጣዬ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ በጣም ደህና ነኝ፤ ካንቺ ደብዳቤ በኋላማ ከደህናም በላይ ነኝ። ቆሜ ማንበብ ጀምሬ ተቀምጬ ጨረስኩት። እልልታውን እንዳዘዝሽው ጠንከር አድርጌ አልኩት፤ ጎረቤቴ ባለ ፋርማሲው ደንበኛውን ጥሎ «ምን ሆኑ?» እያለ እየሮጠ መጣ። ምንም አልሆንኩም፣ አያት ልሆን ነው አልኩት። ያሳደገ አያት አይባልም ያለ ይምጣና ከኔ ጋር ይሟገት።

የዚያችን የአዋላጅ ነገር ሳነብ ግን ደሜ ፈላ። ዘር! እኔ ሠላሳ ዓመት ካርድ ሳወጣ አንድም ሰው ዘሩን ጠይቄ አላውቅም። ስም፣ ዕድሜ፣ የቤት ቁጥር፤ በቃ። ሰው ታሞ ሲመጣ ይታከማል እንጂ በሣጥን ይከፈላል እንዴ? በእኛ ቤት የደም ግፊት የሚባል ነገር የለም። ቅድመ አያትሽ ዘጠኝ ወልዳ አሥረኛውን ለመውለድ ስትሄድ በእግሯ ነው የሄደችው። እናትሽም እንዳልሽው ነው። ብርድ ነው። የጻፍሽው ልክ ነው። ኪኒኑን ተይው፤ ጤነኛ ሰው ኪኒን ምን ያደርግለታል? የምሬን ነው የምልሽ፣ በሰው ወሬ አትሸበሪ።

ያስፈልገኛል የምለው እንኳ የለኝም። የማንበቢያ መነጽሬ እግሩ ተሰብሮ በክር አስሬዋለሁ፤ ስትወጪ ካጋጠመሽ ግዢልኝ፣ ካላጋጠመሽ ክሩ ገና ጠንካራ ነው። ለባለቤትሽ ሰላም በይልኝ። ዕቃ አንቺን እንዳያሸክም፤ ካሸከመሽ እመጣበታለሁ።

አክስትሽ

ይቺን ልጨምር፦ ራስሽን አያምሽም አይደል? ዓይንሽ ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ነገርስ የለም? ከጎድንሽ ሥር፣ ጨጓራሽ አካባቢ? እንዲያው ለመጠየቅ ያህል ነው።


ጥቅምት 24

ለአክስቴ፣

እንዴት ሰነበቱ? ቃልዎን አግኝቼ ልቤ አረፈ፤ እጅግ አመሰግናለሁ። ለአዋላጇ «በቤተሰባችን የለም፣ ኪኒኑን አልፈልግም» አልኳት። አልተከራከረችኝም። «ሐሳብሽን ከቀየርሽ ዛሬም፣ ነገም ትችያለሽ» ብላ ማህደሬ ላይ አንድ መስመር ጻፈች። ኪኒኖቹ ሥራ ቦታ ከክር ማስቀመጫዬ ውስጥ ተኝተዋል።

መነጽሩን ልኬያለሁ። እግሩ ብረት ስለሆነ ክርዎን ጡረታ ያውጡት።

አንድ ነገር ግን ገርሞኛል፣ እትዬ። ደብዳቤዎ መጨረሻ ላይ የጠየቁኝን ሦስት ነገር አዋላጇም ጠይቃኛለች፤ ራስ ምታት፣ የዓይን ብልጭታ፣ ከጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም። ያንኑ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። እርስዎ ከየት አገኙት? ለባለቤቴ ባነብለት «አክስትሽ ብዙ ያውቃሉ» አለኝና ቀጥሎ «እናትሽን ብርድ የመታት የት ሆና ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። እስከዚህ ዕድሜዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ጤነኛ ሰው በአንድ ቀን በብርድ ይሞታል ወይ?

ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል። ጤናዎን ይጠብቁ።

ልጅዎ


ኅዳር 25

ለልጄ፣

ጤና ይስጥልኝ። ወር ሙሉ ስለጠፋሁብሽ ይቅር በይኝ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። ትናንት ባለ ፋርማሲው በስልኩ የላከልሽ መልእክት ደርሶሻል ብዬ አስባለሁ፦ «አክስትሽ ኪኒኑን ዛሬውኑ ጀምሪ ብለዋል፤ ምክንያቱ በደብዳቤ ይመጣል።» እንዲህ በልልኝ ብዬ ያስጻፍኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱ ይኸው፤ ቆመሽ ከሆነ የምታነቢው ተቀመጪ።

ዋሽቼሻለሁ።

እናትሽን ብርድ አልመታትም። የስምንት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ወንድም ወይም እህት ሊመጣልሽ ነበር። ፊቷና እጇ አብጦ ነበር፣ ራሷን ያማት ነበር፣ ዓይኗ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልባት ነበር። እሁድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ወደቀች። መላ ሰውነቷ ተንቀጠቀጠ። መኪና ተፈልጎ እስኪመጣ አልቆየችልንም፤ ሁለቱም አልቆዩልንም።

ግቢው በሰው ሲሞላ ያየ ሁሉ «የሚጥል በሽታ ነው» አለ። አያትሽ ይሄን ቃል ስትሰማ እንባዋን ጠርጋ ጓዳ አስገባችኝና «በዘራቸው የሚጥል በሽታ አለ ከተባለ ነገ ይቺን ልጅ ማን ያገባታል? ብርድ ነው በይ» አለችኝ። ያቺ ልጅ አንቺ ነሽ፤ ቀሚሴን ጨብጠሽ ቆመሽ ነበር። ሐዘናችንን ሳንጨርስ አንቺን መዳር ጀመርን ማለት ነው። የሚጥል በሽታ እንዳልሆነ ግን እኔ አውቅ ነበር። የእርግዝና ደም ግፊት እንደሆነ ካርዷ ላይ ተጽፏል፤ ካርዱን ደግሞ የማወጣው እኔ ነበርኩ።

የባሰው ገና ነው፣ ልጄ። ያን ጊዜ ጤና ጣቢያው ወረፋው ከበር ይወጣ ነበር። የካርድ ክፍል ሠራተኛ ዘመድ ግን ወረፋ አይይዝም። እኔ ካርዷን ከመደርደሪያ አውጥቼ በጓሮ በር በኩል ነበር የማስገባት፤ በዚህም እኮራ ነበር። ለማክሰኞ ቀጠሮ ተሰጣት። በዚያ ሳምንት የዓመቱ የካርድ ቆጠራ ነበረብንና «በዚህ ሳምንት ፋታ የለኝም፤ ለሚመጣው ማክሰኞ ነይ፣ እኔው አስገባሻለሁ» አልኳት። «ራሴን እኮ አሞኛል» አለችኝ። «ያረገዘች ሁሉ ያማታል» አልኳት። እሺ ብላ ሄደች። እንደ ማንም ሰው ወረፋ ብትይዝ ኖሮ ትታይ ነበር። የኔ እህት መሆኗ ነው የጎዳት።

የሞተ ሰው ካርድ ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ይወርዳል። የእሷን ማውረድ አቃተኝ። ከመደርደሪያው አውጥቼ ከሹራቤ ሥር ይዤው ወጣሁ፤ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ የሰረቅኩት ነገር ያ ብቻ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ልብሴ መሀል ተቀምጧል። አሁን ያንቺ ነው። ለፖስታ ማመን ስላቃተኝ የባለ ፋርማሲው እህት ወደ እናንተ ስትበር በእጇ ታደርስልሻለች። ሁለተኛውን ገጽ አሳዪያቸው። ግፊቷ ሦስት ጊዜ ተጽፏል፦ 120 በ80፣ 138 በ88፣ 150 በ100። አራተኛው መስመር ባዶ ነው። ያ ባዶ መስመር ያስቀረኋት ማክሰኞ ነው።

አዋላጇን ሰድቤያታለሁ፤ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ዘር ስትል ስድብ መስሎኝ ነበር። ስድብ ቢሆንማ በወደድኩ። ከእኛው ሴቶች ስንቱ ካርድ በእጄ ወደ መጋዘን እንደወረደ የማውቀው እኔ ነኝ፤ እያወቅኩ ነው «በእኛ ቤት የለም» ያልኩሽ። አንዴ የዋሸሁትን ውሸት ለማዳን አንቺን ልገብር ነበር።

መነጽሩ ደርሶኛል፤ ይሄን የጻፍኩት በእሱ ነው፣ ተባረኪ። ከእንግዲህ ምንም አትላኪልኝ። ግፊትሽን ብቻ ጻፊልኝ።

ልትጠዪኝ ብትፈልጊ አልፈርድብሽም።

አክስትሽ


ታኅሣሥ 10

ለአክስቴ፣

እንዴት ነዎት? ዛሬ የምጠይቅዎ ለደብዳቤ ወግ አይደለም። እንዴት ነዎት? እህል ይቀምሳሉ? ይተኛሉ?

ስልኩ ላይ ያ መልእክት ሲመጣ ስፌት ላይ ነበርኩ። ምክንያቱን ሳላውቅ ከክር ማስቀመጫው አንዷን አውጥቼ በምሳዬ ውኃ ዋጥኳት። እርስዎ ሐሳብዎን ሲቀይሩ አይቼ ስለማላውቅ ነው የደነገጥኩት። ካርዱና ደብዳቤው በሳምንቱ ደረሱ።

ሁለት ቀን ተቆጥቼዎታለሁ፤ አልደብቅዎትም። መጀመሪያ ስለ እናቴ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ስለዚያ ሳይወለድ ስለቀረው። እህት የለኝም ብዬ ቅጽ ላይ ስጽፍ እንዴት ቀላል ነበር! ከዚያ «ኪኒኑን ተይው» ያሉኝን ደብዳቤ አውጥቼ ደግሜ አነበብኩና በጣም ተናደድኩ። ባለቤቴ ሻይ አፍልቶ አጠገቤ ያስቀምጣል፣ ሲቀዘቅዝ ያነሣዋል፣ ሌላ ያፈላል። በሦስተኛው ቀን ካርዱን ይዤ ክሊኒክ ሄድኩ።

ለአዋላጇ ቃል በቃል ተረጎምኩላት። ባዶው መስመር ላይ ስደርስ «እዚህስ?» ብላ ጣቷን አሳረፈች። ነገርኳት። ተነሥታ ሐኪሙን ጠራችው። ኪኒኑ ቀደም ብሎ ቢጀመር ይሻል ነበር፣ ግን ስለጀመርሽው ደስ ብሎኛል፣ እንዳታቋርጪው አለኝ። አሁን በየሳምንቱ እታያለሁ፤ እቤት የምለካበት መሣሪያም ሰጡኝ። ባለቤቴ ልሞክረው ብሎ ራሱን ለካና 135 ሲያሳየው «እኔም አርግዣለሁ መሰለኝ» ብሎ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ከእርስዎ ደብዳቤ ወዲህ የሳቅኩት ያኔ ነው።

ሐኪሙን የሣጥኑን ነገር ጠየቅኩት። እንዲህ አለኝ፦ «ጥናቶች ልዩነቱን ያሳያሉ፤ ከአንዳንድ ወገን በሆኑ ሴቶች ላይ ይበዛል። ለምን ለሚለው የተሟላ መልስ የለንም። ደም ብቻ ነው ብዬ አላምንም። ኑሮ አለበት፣ ድካም አለበት፣ ዘግይቶ መታየት አለበት፣ አመመኝ ሲሉ የሚሰማቸው ማጣት አለበት። ሣጥኑ የሚደርስብሽን አይነግረኝም፤ ቀደም ብዬ እንዳይሽ ነው የሚያስታውሰኝ። የእናትሽ ካርድ ግን ከሣጥኑ የበለጠ ነገረኝ።»

«የሚሰማቸው ማጣት» ሲል ስለ እርስዎ አሰብኩ። በቁጣ አልነበረም። እርስዎ እኮ ለማንም የማይሰጠውን የጓሮ በር ሊከፍቱላት ነው ያቆዩዋት። እናቴን እርስዎ አልገደሉም። ይሄን አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ሲጠራጠሩ እያወጡ ያንብቡት። ያን ካርድ መጋዘን አውርደውት ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይጥ በልቶት ነበር። ስለሰረቁት አመሰግናለሁ።

ግፊቴ፦ ሰኞ 116 በ74፣ ረቡዕ 114 በ72፣ ዛሬ 118 በ76።

ልጅዎ


ታኅሣሥ 22

ለልጄ፣

እህል እቀምሳለሁ፣ እተኛለሁም። ያልሽውን ቦታ እያወጣሁ አነበዋለሁ፤ ወረቀቱ ማጠፊያው ላይ ሊበጠስ ነው።

ብዙ መጻፍ አልችልም። ለዚያች አዋላጅ ምርቃቴን ንገሪልኝ፤ እጇ ይሙቅ በያት። ቁጥሩን አትርሺ። ከላይኛው ይልቅ የታችኛው 90 ከደረሰ ሥራ ገበታ ላይ እንዳትውይ፣ ቀጥ ብለሽ ሂጂ። ለማንም ብለሽ ቀጠሮ አታሳልፊ። ለኔም ቢሆን።

አክስትሽ


ጥር 18

ለአክስቴ፣

ባሉበት ሰላም ለእርስዎ ይሁን፤ እኔም ሆዴም ደህና ነን። ግፊቴ እስከ ዛሬ ከ120 በ78 አላለፈም። ዛሬ ግን የምጽፈው የሌላ ሰው ቁጥር ነው።

አብራኝ የምትሰፋዋ ጓደኛዬ፣ ያቺ ሌላ ሣጥን የሞላችው፣ በምሳ ሰዓት እኔ ስለካ ታየኝ ነበር። ባለፈው ሐሙስ «እስቲ እኔንም» ብላ ለቀልድ ክንዷን ዘረጋች። 156 በ102! መሣሪያው ተበላሸ ብዬ በራሴ ላይ ሞከርኩት፤ የኔ ደህና ነው። «ራስሽን ያምሻል?» አልኳት። «ከትናንት ወዲያ ጀምሮ፤ ግን እኔ እኮ አያሰጋሽም ተብያለሁ፣ ቀጠሮዬም ገና ነው» አለች። የያዝነውን መጋረጃ ጠረጴዛው ላይ ጥለን በታክሲ ወሰድኳት። አስተኝተው እያከሟት ነው፤ እሷም ልጁም ደህና ናቸው።

አሁን ሐኪሙ ያለው ገባኝ። ሣጥኑ እኔን ያስጠነቅቅ እንጂ እሷን አይጠብቅም። እናቷ ሆስፒታል ስትመጣ እጄን ይዛ «ይሄን ሁሉ ከየት አወቅሽው?» አለችኝ። ከአክስቴ አልኳት። በማያውቁት አገር የሚመርቅዎት ሰው አለ፣ እትዬ።

ልጅዎ


መጋቢት 14

ለልጄ፣

እንዴት ነሽ? ቁጥርሽ ሳይደርሰኝ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የፖስታ ቤቷ ልጅ ከሩቅ ስታየኝ ጭንቅላቷን በአሉታ መነቅነቅ ጀምራለች፤ እንግዲህ ፖስታ ጠባቂ ከሚባሉት ሰዎች አንዷ ሆኛለሁ ማለት ነው። ምናልባት ደብዳቤው መንገድ ላይ ይሆናል። ምናልባት ደክሞሽ ይሆናል። ደክሞሽ ከሆነ አትጻፊ፤ ባልሽ ይጻፍ። ሁለት ቁጥር መጻፍ የደብዳቤ ወግ አይጠይቅም።

አክስትሽ


መጋቢት 22

ለአክስቴ፣ ለልጄ አያት፣

እንኳን ደስ ያለዎት! ባለቤቴ በባለ ፋርማሲው በኩል «ሁለቱም ደህና ናቸው» ብሎ ማስነገሩን አውቃለሁ። ዝርዝሩን ግን ከኔ እጅ እንዲያገኙት ብዬ ተደግፌ እጽፋለሁ።

መጋቢት 13 ጠዋት ራሴን እያመመኝ ተነሣሁ። ብዙም አልነበረም፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሻይ ጠጥቼ ሥራ እሄድ ነበር። በዚያ ቀን ለትልቅ አዳራሽ የሚሆን መጋረጃ ማስረከቢያችን ነበር፤ አለቃዬም «ዛሬን ብቻ፣ ከዚያ ታርፊያለሽ» ብሎኝ ነበር። ለካሁ፦ 152 በ98። ጫማዬን አድርጌ ቦርሳዬን ይዣለሁ፣ እጄ የበሩ እጀታ ላይ ነው፤ ወደ ግራ ሥራ፣ ወደ ቀኝ ሆስፒታል። እትዬ፣ እናቴን እሺ ብላ ስትመለስ አየኋት። ፊቷን አላስታውስም፤ ጀርባዋን ግን አየሁት። ወደ ቀኝ ሄድኩ።

ሆስፒታል ስደርስ 165 በ110 ሆኖ ነበር፤ ሽንቴም ላይ ፕሮቲን ታየ። እንቅጥቅጥ እንዳይመጣ የሚከላከል መድኃኒት በደም ሥሬ ሲሰጡኝ ሰውነቴ እንደ እሳት ነደደ። «ልጁ መወለድ አለበት፣ አሁን» አሉ። ሠላሳ አምስት ሳምንቷ ነበር። አዋላጇ የራሷ ተራ ባይሆንም መጣች፤ ያ ቀዝቃዛ እጇ ግንባሬ ላይ ሲያርፍ ከመድኃኒት ሁሉ በላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ በቀዶ ሕክምና ወለድኩ። ሴት ናት። ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ፤ ድምፅዋ ግን የአራት ኪሎ ነው፣ እርስዎም ሳይቸገሩ ይሰሟታል።

ሐኪሙን «ኪኒኑን እየዋጥኩ ለምን መጣ?» አልኩት። «ኪኒኑ ይቀንሰዋል፣ ያዘገየዋል እንጂ ሁልጊዜ አያስቀረውም። ያተረፈሽ በሰዓቱ መምጣትሽ ነው» አለኝ። በሰዓቱ ያመጣኝ ማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ግፊቴ አሁን 128 በ82 ሆኗል፤ ከወሊድ በኋላም ስለሚያሰጋ እየለካሁ ነው።

ምስጋናዬን በምን ቃል ልጻፍልዎት? ልጄን ባቀፍኩ ቁጥር ያ ሁሉ ነገር ሊቀርብኝ እንደነበረ አስባለሁ። እናቴ የሞተችበት ዕድሜ ሃያ አራት ነበር፤ እኔ ሠላሳ አንድ ሆኜ ልጄን አጠባለሁ። ይሄን ያገኘሁት እርስዎ ሰው የማይደፍረውን ደፍረው ስለጻፉልኝ ነው።

አሁን አንድ ልመና አለኝ። እናቴ እንዴት እንደሞተች ነገሩኝ። እንዴት እንደኖረች ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ስለ ሞቷ ላለመናገር ሲባል ስለ እሷም ሳይወራ ቀረ። ምን ያስቃት ነበር? እንዴት ትራመድ ነበር? ልጄ ስትጠይቀኝ የምነግራትን ይስጡኝ።

ልጅዎ


ሚያዝያ 4

ለልጄ፣ ለልጄ እናት፣

እሰይ! እሰይ! ማርያም ማርያም ብዬ የለመንኩት ሁሉ ደረሰልኝ። ደብዳቤሽን ከጎረቤት ጎረቤት እየዞርኩ ሳነብ ዋልኩ። ስለ ቁጥሮቹ ከኔ ይልቅ ባለ ፋርማሲው አለቀሰ።

ልመናሽ ግን አስጨነቀኝ። ስለ እሷ ልጽፍ ብዕር ይዤ ተቀመጥኩ። ሃያ ሰባት ዓመት ዝም ያልኩበት አፍ በአንድ ቀን አልከፈት አለ። ስለዚህ ቅዳሜ የቤተሰቡን ሴቶች በሙሉ ቤቴ ጠራኋቸው። የወንድሜ ሚስት መጣች፣ ሁለቱ ሴት ልጆቿ መጡ፤ ታናሺቱ አምስተኛ ወሯን ይዛለች። የአያትሽ እህት እንኳ በሰው ተደግፋ መጣች። ስላንቺ መውለድ ልነግራቸው መስሏቸው ነበር። ነገርኳቸው። ከዚያ «እህቴን ብርድ አልመታትም» አልኩ።

ካርዱን ነገርኳቸው፣ ማክሰኞውን ነገርኳቸው፣ ሁሉንም። እንዲተፉብኝ ነበር የጠበቅኩት። የአያትሽ እህት መጀመሪያ ተናገረች፤ «እኔም ሦስተኛውን ሳረግዝ ተንቀጥቅጬ ወድቄ ነበር፣ ባሌ ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ» አለች። ቀጥላ የወንድሜ ሚስት፣ «እኔም ሁለተኛዋን ስወልድ ግፊት ነበረብኝ፤ የኛ ቤት ሰው ንጹሕ ነው ስትሉ አፍሬ ዝም አልኩ» አለች። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን፣ እያንዳንዳችን ብቻችንን የያዝነው መስሎን፣ ሁላችንም አንድ ነገር ደብቀን ኖረናል! ነፍሰ ጡሯ ሁላችንንም እያየች ሆዷን ያዘች። ሰኞ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብሬያት ሄድኩ፤ ወረፋ ይዘን ነው የገባነው። 118 በ76።

እንግዲህ እናትሽ። እኛ ሴቶቹ ካለቀስን በኋላ አንዷ «ታስታውሳላችሁ?» አለችና ተጀመረ፤ ያሉትን እየተቀበልኩ ጻፍኩልሽ። ጫማ መሸጫ ነበር የምትሠራው፤ ሰው በር ላይ ሲቆም እግሩን አይታ «ሠላሳ ዘጠኝ» ትል ነበር፣ አትስትም። ስትራመድ ሰው ቀድማ ሄዳ ተመልሳ ትመጣለች። ሳቅ የማይገባበት ቦታ ላይ ነበር ሳቋ የሚመጣባት፤ ለቅሶ ቤት አብሬያት መሄድ እጠላ ነበር። ካርታ ስንጫወት ታጭበረብረናለች፤ ስትያዝ «ልጄ ናት የቀየረችው» ብላ አንቺን ታመካኛለች፣ አንቺም የሁለት ዓመት ልጅ ሆነሽ እሺ ብለሽ ትቆሚያለሽ። አንቺን ያለ ጫማ ማስሄድ አትወድም ነበር፤ አሥራ አንድ ጥንድ ነበረሽ። እዚህ ስንደርስ የአያትሽ እህት ሳቀች፣ እኛም ሳቅን፣ ስሟን እየጠራን ሳቅን።

ሃያ ሰባት ዓመት ስሟ ባልተጠራበት ቤት እስኪመሽ ስለ እሷ አወራን። አመሰግንሻለሁ፣ ልጄ። እህቴን መለስሽልኝ።

አክስትሽ